ስም አውጪ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤
እኛ ሠፈር ያለው መልአክ ግን
ቱታውን ለብሶ ምድር ቤት ይውላል።

ብስክሌት ቀቢ ነኝ፣ ከትሬቪዞ በላይ፣
ወይን ባለበሰው ኮረብታ ግርጌ ላይ፤
የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣
አዲሱን ረጭቼ፣ በምድጃ አድርቄ፣
ስም እለጥፋለሁ፣ በወርቅ አድምቄ።

እሑድ ሲነጋጋ ምንጩ ጋ ይቆማሉ፣
ባታቸውን ተላጭተው በቅባት ያበራሉ፤
ሰላም ሲሉህ ፊትህን አያዩም፣
ዓይናቸው ቁልቁል ወርዶ ያነባል ቱቦውን።
ቬርዳሮ ከሆነ «ወንድም ዓለም! እንዴት ነው ኑሮ?»
ሌላ ከሆነ ግን አንገት ነቅነቅ፣
ያውም በግማሽ፣ ያውም ተቆጥሮ።

የካልሲ ቁመት እንኳ በጣት ይለካል።
አንድ ጊዜ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ
ከሱፐርማርኬት በገዛው መጥቶ
ኮረብታው ጫፍ ደረሰ ሁሉንም ረትቶ።
«ነፋስ ገፍቶት ነው» አሉ።
በሳምንቱ የመነሻው ሰዓት ተቀየረ፤
ልጁ ሳይነገረው ቀረ።

ውል አዋዋዩ ጓልቲዬሮ
ጓንቱ ቬርዳሮ፣ ካልሲው ቬርዳሮ፣
የውሻው ማሰሪያ ሳይቀር ቬርዳሮ።
«ከታይዋን የመጣ» ይላል፣ «ነፍስ የለውም፤
ቁልቁለት ስትወርድ አጥንትህ ይነግርሃል፣
መጠየቅ አያስፈልግም።»

አምና በመጋቢት መታጠፊያው ላይ ከግንብ ተላትሞ
እሱ ሳይጫር ተነሣ፤ ብስክሌቱ ቀረ እዚያው ተጋድሞ።
ሚስቱ ነገረችኝ፦ ያን ቀን ያየችውን ዕንባ
አላየችም አባቱ አፈር ሲገባ።

ፋብሪካው «ስምንት ወር ጠብቅ» አለው። እኔ ዘንድ መጣ።
የሞተ አይጠገንም። መደርደሪያዬ ላይ
ስም የለሽ ነበረ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ፣
ከታይዋን በመርከብ የመጣ።
ቁመቱ ልክ የሱ። ሰማያዊ ቀባሁት።
ስሙን ለጠፍኩበት።

በሁለት ሳምንቱ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ትከሻዬን ይዞ፣
«ይሄ ነው ነፍስ ማለት!» አለኝ፣ ዓይኑ ዕንባ አርግዞ፤
«ጠግነህልኝ ጭራሽ ከአዲሱ በልጧል፣
ዳገቱን በራሱ ይወጣል!»
ምን ልበል? ሒሳቤን ተቀብያለሁ።
(በቅናሽ ነው የሠራሁት። ይህም ይጻፍልኝ።)

በግንቦት ዴልፊና መጣች፣ የፖስታ ቤቷ፣
አጭር ናት፤ እንደ ወይን ግንድ የጠነከረ ባቷ።
የያዘችው እውነተኛ ቬርዳሮ፣ የብረት፣ የድሮ፣
ወንድሟ ሲሞት የተወላት።
«ስሙን አውጣልኝ» አለች።
«ማን ብዬ ላውጣለት?»
«አልገባህም፤ ያለውን ላጥልኝ፣ ምንም አታስቀርበት።
ሰላምታው ለሱ ነው፣ ለኔ አይደለም፤
ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስወጣ ስወርድ
እሱ የተሠራበትን ዓመት ሁሉም ያውቀዋል፣
የኔን ስም የጠየቀ ግን የለም።»

ቢላዬን ሳልኩ። ጨርቄን በአሴቶን አራስኩ።
እጄ እምቢ አለኝ።
ለማንም ያልነገርኩት፦ በሃያ ዓመቴ
ቬርዳሮ ፋብሪካ ስም ለጣፊ ነበርኩ፤
በቀን መቶ ሃያ፣ አረፋ እንዳይገባ ትንፋሼን ውጬ፣
ከአምፖሉ ሥር አጎንብሼ ተቀምጬ።
የዚህኛው የመጨረሻ ፊደል ጥቂት ያዘነብላል፤
የሰኞ ጠዋት ሥራ። የኔው እጅ ይመስላል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ከአሴቶን በላይ ግን አይውልም።
በሩብ ሰዓት አለቀ።

እሑድ ግራጫዋን ይዛ ምንጩ ጋ ስትቆም
ዓይኖች ቁልቁል ወረዱ፤ የሚነበብ የለም።
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ታይዋን?» አለ ጓልቲዬሮ፣
ታይዋኑ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ንጉሥ ተከብሮ።
ዴልፊና ማርሽ ቀየረች፤ ዳገቱን ያዘች።
ጥርስ ሐኪሙ ብቻ፣ አልፋው ስትሄድ ደንግጦ፣
«ማነሽ አንቺ?» ብሎ ጮኸ፤
መልሱ ቀረ በነፋስ ተውጦ።

እኔ ግን የተላጡትን ፊደሎች መጣል አቅቶኝ
በክብሪት ቀፎ አኑሬያቸዋለሁ።
ልጄ ደግሞ ለልደቴ ብስክሌት ገዝታልኛለች፤
ቀላል ናት፣ ፈጣን ናት ይላሉ።
አንድም ቀን አልነዳኋትም።
ስሟን አይቼ።